የትብለጽ ፎርኖ

ኅዳር 28 ቀን 1986፣ ማክሰኞ

ፎርኖው ጮኸ።

የመጀመሪያውን ትሪ ብስኩት ከትቼ ገና ቀና ሳልል ነው። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት። ሰዓት በሚያሳየው ጥቁር መስተዋት ላይ ሰዓቱ ጠፍቶ ኤፍ 7 የሚል ምልክት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ተጫንኩ። አልሰማኝም።

እህቴ ትብለጽ ከጅዳ በመርከብ የላከችው የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው። አስመራ ፓራዲዞ ሰፈር የምታሠራው ቤት እስኪያልቅ እኛ ጋ፣ ቃሓውታ፣ ይቀመጣል። ሁለት ዓመት ሆነው። ተጠቀሙበት ብላለች፤ እኔ ግን ለዓመት በዓል ካልሆነ አላበራውም። የሰው ዕቃ ነው። ቁልፎቹ ያሉበትን ፊቱን ፋብሪካው የለበጠበት ስስ ፕላስቲክ እንኳ እንዳለ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ እኔ የሠራሁት ዳንቴል አለ። በዚህ ሰፈር ከጅዳ የመጣ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው። ጎረቤታችን አደይ ጸሃይ ፍሪጃቸውን ከነካርቶኑ ነው ያቆሙት፤ በሩ የሚከፈትበትን ብቻ በቢላዋ ቀደዱለት።

ብስኩቱ ለሙከራ ነበር። ጾም ስለሆነ አልቀምሰውም፤ መልኩን ለማየት ብቻ። ሉዋም ጥር 22 ትዳራለች። የትብለጽ ልጅ ናት፤ ያሳደግኋት ግን እኔ ነኝ። የሠርጓን ብስኩትና ዶልሺ፣ ኬኩን ሁሉ፣ ሌላ ሰው አይጋግርም ብዬ ለዘመድ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ጩኸቱን ሰምቶ ባሌ አስናቀ ከጓሮ መጣ። የኮረንቱን ባልቦላ ነቀለ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ልየው» አለ።

እጁን በሳሙና ታጠበ። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ቀንሶ ካሰናበተው ወዲህ ለሥራ ብሎ እጁን ሲታጠብ አላየሁም ነበር።


ኅዳር 30፣ ሐሙስ

ተወልደመድኅን መጣ። ከዚህ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከአስናቀ ጋር አንድ ፋብሪካ ሠርተዋል። የአስናቀን ታላቅ ወንድም ቃል ይዞ ነው የመጣው። አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቦታ ተገኝቷል። እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቁታል።

«እኔ ከሠርጋችሁ በኋላ ማክሰኞ እነሣለሁ» አለ ተወልደመድኅን። «ጋቢናው ባዶ ነው። ከአንተ ሌላ የሚያወራኝ ሰው አልፈልግም፤ አንተ ዝም ስለምትል።»

አስናቀ በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ አየ።

«ይህን ፎርኖ ሳልሠራ የትም አልሄድም።»

ተወልደመድኅን ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁላችን ረጅሙን የሳቅኩት እኔ ነኝ።

አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ልትሄድ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ሻሂ ቀዳሁ።


ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ፎርኖው ከግድግዳው ተላቆ መሐል ወለል ላይ ቆሟል። ጀርባው ተከፍቷል። አስናቀ ተንበርክኮ ባትሪ ያበራል።

«ነይ ያዥልኝ።»

ያዝኩለት። እንዲህ ጎን ለጎን ከተንበረከክን ስንት ጊዜ ሆነን? ውስጡ እንደጠበቅኩት አስፈሪ አይደለም። ቀጫጭን ሽቦዎች በሥርዓት ታስረዋል። ከቁልፎቹ ጀርባ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ቦርድ አለች። እሷ ናት ሁሉን የምታዘው። በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ የምልክቶቹ ፍቺ። አስናቀ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ኤፍ 7። አንዱ ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቷል ማለት ነው።»

«የትኛው?»

«እሱን አይልም። ቦርዷ ማንም ያልነካውን ቁልፍ ጣት ተጭኖታል ብላ ታምናለች። ጣቱ የማይነሣ ሲሆንባት ትጨነቃለች፤ ከዚያ ሥራ አቁማ ትጮኻለች።»

«ማንም ሳይነካት?»

«ማንም ሳይነካት።»

የሰዓቱንም ነገር ነገረኝ። ይህ ፎርኖ እኛ ቤት ከገባ ጀምሮ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኔ የተበላሸ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰዓቱ የሚቆጥረው የኮረንቱን ምልልስ ነው። የጅዳ ኮረንት በሴኮንድ ስድሳ ጊዜ ይመላለሳል፣ የአስመራ አምሳ። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሲሆን ለእሱ ገና ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዶልሺ ያሳረርኩት ለዚህ ነው። እጄን ስወቅስ ነበር የኖርኩት።

«አሁንም ጅዳ ያለ ይመስለዋል» አለ አስናቀ። «መርከብ ላይ መጫኑን የነገረው የለም።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። እኔ ባትሪውን አጥፍቼ አበራሁ።

ውሃ ልቀዳ ወደ ግቢው ታንከር ስወጣ አደይ ጸሃይ ከአንዲት እንግዳ ሴት ጋር ቆመው አገኘኋቸው። አላዩኝም። «ኩሎም ከይዶም፤ እዚ ጥራይ ተሪፉ» ይላሉ፤ ሁሉም ሄዱ፣ ይሄ ብቻ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ወደ መሐል አገር ስለተመለሱት ነው፤ «ይሄ» የተባለው አስናቀ ነው። ሴትየዋ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። በክፋት አልነበረም የተናገሩት። ገበያ ላይ አንድ ሎሚ ቀረ እንደማለት ነው። በክፋት ቢሆን እቆጣ ነበር፤ ቁጣ ሥራ ነው፣ ሰውን ይይዛል።

በትግርኛ እያወራሁ፣ በትግርኛ እየጸለይኩ፣ እዚህ ደብተር ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት እጄን ያስለመዱት በዚህ ነው። አሁን ጎረቤት ሲገባ ደብተሩን እጥፍ አደርገዋለሁ። ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።


ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ከፋርማሲ አልኮል። የእርሳስ ላጲስ። የሽቦዎቹን ጫፍ አንድ በአንድ አሸ። ሙቀት የሚለካውን ዘንግ በቴስተር ፈተሸ፤ ደህና ነው። የቦርዷን ብየዳ በአጉሊ መነጽር አየ፤ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው።

ኤፍ 7።


ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

ተኽኣ ሊጠይቀን መጣ። ታላቅ ወንድሜ ነው። ወጣትነቱን በሙሉ በረሃ አሳልፎ ነጻነት ሲመጣ የገባ፣ አሁን ከተማ ውስጥ ቢሮ ያለው። ለአስናቀ በአማርኛ ነው የሚያወራው፤ ረጋ ብሎ፣ ቃላቱን ከሩቅ መጋዘን እንደሚያወጣ።

«አስናቀ፣ ሌላ አገር ቢሆን ይህን ጥለው አዲስ ይገዙ ነበር።»

«ሌላ አገር አይደለንም።»

«ሓቅኻ» አለ ተኽኣ፤ ልክ ነህ። ከዚያ ሁለቱም ቦርዷን አዩ። ሁለቱም ሌላ የሚያዩት አልነበራቸውም።

ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ።

«ሰብኣይኪ ክኸይድ ድዩ?» ባልሽ ሊሄድ ነው?

«ፎርኖውን እየሠራ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም፣ ሓፍተይ» አለ፤ እህቴ።

«ሲጨርስ ይታያል።»

ተኽኣ ጉንጬን ሳመኝ። አዝኖልኝ ነው ወይስ አፍሮብኝ? ተመልሼ ሳህን አጠብኩ፣ የታጠበ ሳህን።

ለምን አብሬው እንደማልሄድ ራሴን እጠይቃለሁ። ባይጠይቀኝም ልጠይቅ። መልሱ አጭር ነው፦ ካልጠራኝ አልሄድም። እሱም ቅር ካልተባለ አይቀርም። እኛ ቤት ውስጥ ሁለት ኩሩዎች አሉ፤ አንድ ማዕድ ቤት ይጋራሉ።


ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ተገኘ።

እንዲህ ሆነ። ለምሳ ሽሮ ጥጄ ነበር፣ ከፎርኖው አጠገብ ባለችው የላምባ ምድጃ። አስናቀ ቁልፎቹን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል፤ የማይንቀሳቀስ ነገር እንዲህ ሲያይ ሰዓት ያልፋል። ድንገት «ዳንቴሉን አንሺው» አለኝ። አነሣሁ። በጣቱ ፕላስቲኩን ጫን አደረገው። ከሥሩ ጠብታ ሮጠች። ጥቃቅን የውሃ ዘሮች፣ በፕላስቲኩና በቁልፎቹ መካከል።

«ይኸውልሽ። የድስትሽ እንፋሎት ዳንቴሉን ያርሰዋል። ከዳንቴሉ በፕላስቲኩ ጠርዝ ይገባል። መውጫ የለውም። ውሃው ቁልፉ ላይ ይተኛና ቦርዷ ጣት ነው ትላለች።»

የሉዋምን የፀጉር ማድረቂያ አመጣ። የፕላስቲኩን ጠርዝ በጥፍሩ ከፍ አድርጎ ነፋበት፣ ብዙ ነፋበት። ባልቦላውን መለሰ። ሰዓቱ በራ። ሙቀቱን ሞላ። ቆመን ጠበቅን። ጋለ፣ ምንም አልጮኸም። አስናቀ እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ፕላስቲኩን እንላጠውና እንገላገል» አለ። ሊል የነበረው ይህን አልነበረም።

«አይሆንም፤ የትብለጽ ነው። እሷ ትምጣና ራሷ ትላጠው።»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ የሩስ» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

«አደራ ነው።»

«እሺ። እንግዲያው ሥሩ እንዳይረጥብ መጠንቀቅ ነው። ሌላ ምንም የለውም። ጨርሻለሁ።»

ካቻቢቴዎቹን በጨርቅ ጠቀለለ። ጥቅሉን በክር አሰረ። ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደው፤ አቧራውን ሊያራግፍ ነው አለ። አራገፈው። ወዲያው ግን አልመለሰውም፤ አልጋው እግር ሥር ተቀመጠ።

ደስ ብሎኛል። የሉዋም ብስኩት በሰዓቱ ይደርሳል። ለትብለጽም ዕቃዋን ደህና አድርጌ አስረክባለሁ። ደስ ብሎኛል።

ከእራት በኋላ ማዕድ ቤቱን አጸዳሁ። የፎርኖውን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ጠርዝ ጠርዙን ሳይቀር። አቧራ ነበረው።


ታኅሣሥ 21፣ ሐሙስ

ጠዋት ጮኸ። ኤፍ 7።

አስናቀ ጥቅሉን ፈታ። ቁርስ ላይ ከሌላው ቀን በላይ በላ። ሻንጣው ወደ ቁም ሳጥኑ ላይ ተመለሰ፤ መንገድ ስለዘጋ።


ታኅሣሥ 25፣ ሰኞ

ከሰዓት ይደርቃል፣ ይሠራል። ጠዋት ይጮኻል፤ እንዲህ ሆኖ አይጋገርበትም። አስናቀ ሌላ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ ሌሊት ሌሊት እርጥበት የሚያስገባ፣ ይላል። የጣሪያውን ቆርቆሮ ወጥቶ አየ። የግድግዳውን ቀለም ዳሰሰ። ዳንቴሉን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ድስቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞር አደረገኝ። ሁሉንም እንዳለኝ አደረግኩ።

ማታ ማታ እጠርጋለሁ። ንጽሕና ነው። እናቴም ማዕድ ቤቷን ሳትጠርግ ተኝታ አታውቅም።


ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶልሺውን በትሪ አድርጌ ለሙሴ ወሰድኩ። ሙሴ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር አጠገብ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ነው። በበዓል ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃው ገና ግሎ ሳለ የሰፈር ሴቶች ትሪያቸውን ያስገቡለታል፤ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ልማድ ነው፣ ቤታቸው ፎርኖ የሌላቸው ሴቶች ልማድ። ሰልፉ ውስጥ ፎርኖ ያላት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የሩስ» አለ ሙሴ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ «ቤትሽ የፋብሪካ ኤሌትሪሺያን አስቀምጠሽ ወደ እኔ ትመጫለሽ?»

«የጅዳ ፎርኖ ነው፤ ከባድ ነው።»

«የጅዳም ይሁን የጄኖቫ፣ ወር ሙሉ! እኔ በወር ውስጥ ይህን ምድጃ አፍርሼ እገነባዋለሁ።»

«ባልሽን እዚህ ላኪው፣ እንጨት ይፍለጥ» አለች አንዷ። ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የበዓል ሳቅ ነው። እኔም ፈገግ አልኩ።

ትሪውን ይዤ ስመለስ ስለ ድሮው አስናቀ አሰብኩ። ፋብሪካው ውስጥ መኪና ሲቆም ከአልጋው መጥተው ይወስዱት ነበር። ጣሊያኑ ሽማግሌ መካኒክ ሳይቀር «አስናቀን ጥሩ» ይል ነበር። በዚህ ከተማ ከስሙ ሌላ ምን ነበረው?

ምን እየሠራሁ ነው። ምንም እየሠራሁ አይደለም። እጠርጋለሁ።


ጥር 4፣ ረቡዕ

ሉዋም አለቀሰች።

«ሓትኖይ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «መሥራት ካልቻለ ለምን አልቻልኩም አይልም? እናቴ መጥታ ምን ትላለች? የሙሽራው እናት እንኳ ጠየቀችኝ።»

«ይችላል።»

«ታዲያ?»

«ይችላል አልኩሽ።»

አስናቀ ጓዳው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ወደ ማዕድ ቤቱ ገባ። ተከትዬው ስገባ ጨርቄን ከመንጠቆው አንሥቶ ይዞታል። ጨመቀው። ጥቂት ውሃ በጣቶቹ መሐል ወጣ። ፎርኖውን አላየም። እኔንም አላየኝም። ጨርቁን አየ።

«ይህ ጨርቅ ፀሐይ ይፈልጋል» አለ።

ጓሮ ወጥቶ ገመዱ ላይ አሰጣው። ሁለት መቆንጠጫ አደረገበት፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ላይ።

ምሳ በላን። ስለ ቆርቆሮው አወራ።

ማታ ሌላ ጨርቅ ነበረኝ። አልጠረግኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ጠረግኩ።


ጥር 8፣ እሑድ

ተኽኣ ከቤተ ክርስቲያን አብሮኝ ተመለሰ። በመንገድ ላይ፦

«አንድ ነገር አስቤ ነበር። አሁን ከጅዳ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ፍሪጅና ፎርኖ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ግማሹ ይበላሻል። የሚሠራ ሰው የለም። ለአስናቀ ትንሽ ሱቅ ብንፈልግለት ብዬ ሁለት ሦስት ሰው አናግሬ ነበር።»

«ከዚያስ?»

ጫማውን አየ። «ሰው ይጠይቃል፣ የሩስ። የሚስቱን እህት ፎርኖ እንኳ ወር ሙሉ… ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። እንዲህ ብለህ ንገራቸው ልለው ነበር። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጣ። ድንጋይ ጫማዬ ውስጥ ገባ አልኩና ጎንበስ አልኩ። ድንጋይ አልነበረም።

ላስቀረው የፈለግኩበት እጅ ነው ለካ የሚያስቀረውን የነጠቀው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው አሰብኩ። ይቆይ።


ጥር 13፣ ዓርብ

ትብለጽ ገባች። ሦስት ሻንጣ፣ ወርቅ፣ ሽቶ፣ ድምፅ። ቤቱን ዞራ አየች። ማዕድ ቤት ስትደርስ ቆመች።

«ኣንቲ» አለች፤ አንቺ ማለቷ ነው፤ «ይህን ፕላስቲክ እስካሁን አላወለቃችሁትም? ፎርኖ ነው ወይስ ሙሽራ?»

«የሰው ዕቃ ነው ብዬ…»

«የማን ሰው?»

ጥፍሯን ከጠርዙ አስገብታ ሳበችው። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ተላቀቀ፣ ጨርቅ እንደሚቀደድ እየተንጫጫ። ፊቱ እንዲህ የሚያበራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ትብለጽ ፕላስቲኩን ጨማድዳ ሰጠችኝ። ውስጡ እርጥብ ነበር። መዳፌን ጨበጥኩት።

«ለፓራዲዞው ሌላ እገዛለሁ። ይሄ ያንቺ ነው፤ ልጄን አሳድገሽልኛል። የአንቺና የአስናቀ።»

አስናቀ ከበሩ ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ትብለጽ» አለ። የእኛ። ከማክሰኞ በኋላ የማን እኛ?

ፕላስቲኩ ከሌለ ውሃ የሚያድርበት ቦታ የለም። ጨርቄ ገመድ ላይ ነው። ዛሬ ማታ አልነካሁትም፤ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።


ጥር 14፣ ቅዳሜ

አስናቀ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ስገባ ባልቦላው ተነቅሎ በእጁ ነው።

«ኤፍ 7» አለኝ።

«ሲጮህ አልሰማሁም።»

«ሳይጮህ አጠፋሁት።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፕላስቲክ የለም። ጨርቅ የለም። ስለዚህ ውሃው ከቁልፉ አልፎ ገብቷል፣ ቦርዷ ጋ ደርሷል፣ በልቷታል። በእውነት ሰብሬዋለሁ። ያንቺ ነው በተባልኩ ማግስት።

«ይሠራል?» አልኩት።

«እንጃ። ነገ እናየዋለን።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ። ባገኝ እናገር ነበር። አላገኘሁም፤ እያፏጨ ጀርባውን ፈታው።


ጥር 19፣ ሐሙስ

ትሪዎች። ሙሴ ምድጃውን ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሰጠን። ሉዋም አታናግረኝም። የትብለጽ ጓደኞች አስናቀን «መሃንድስ» ብለው ይጠሩታል፤ «መሃንድስ፣ እንታይ ኮይኑ?» ምን ሆነ ማለት ነው። «ይታያል» ይላል። ቦርዷ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ አቧራ እንዳይነካት ነጭ መሐረብ ለብሳ። ስመለከት ይሠራታል። ዞር ስል ይቀመጣል።

በወገቤ ዱቄት። በእግሬ ውሃ። አልተኛሁም።


ጥር 22፣ እሑድ

ተዳረች። ብስኩቱን ሁሉም አመሰገኑ። «የሙሴ እሳት» አሉ።


ጥር 23፣ ሰኞ

ሻንጣው ወርዷል። በዚህ ጊዜ ስለ አቧራ አላወራም። ሸሚዞቹን የተኮስኩት እኔ ነኝ። ቦርዷን ወደ ቦታዋ መለሰ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ፎርኖውን ወደ ግድግዳው ገፋው።

«ሳትጨርሰው?» አልኩ።

«ጠዋት እንደገና አየዋለሁ።»

«ጠዋት ተወልደመድኅን ይመጣል።»

«አውቃለሁ።»

የምለው አንድ ቃል ነው። ፊደሎቹ ሁለት ናቸው፣ ቅር። ባለቀ ሸሚዝ ላይ ካውያውን መልሼ አስኬድኩ።


ጥር 24፣ ማክሰኞ

ሳይነጋ ተነሣሁ። የመንገድ ሕምባሻ አቦካሁ። እዚህ ከተማ መንገደኛን ባዶ እጁን አይሸኙም፤ ባልም ቢሆን። ሊጡ ኩፍ ሲል ወደ ሙሴ ልሄድ ነጠላዬን ለበስኩ። ደግሞ ያ ሁሉ ሳቅ። የመጨረሻዋን ዳቦ በሰው ምድጃ?

ነጠላዬን አስቀመጥኩ። ይጩህ፣ አልኩ። ይጩህና እሱም ይስማ፣ እኔም ሁሉን ልንገረው።

ባልቦላውን መለስኩ። ሰዓቱ በራ። ሙቀቱን ሞላሁ። ሁለት እጄን ጆሮዬ አጠገብ አድርጌ ጠበቅኩ። ጋለ። መስተዋቱ ላይ ቁጥሩ ወጣ፣ ንጹሕ ቁጥር። ጠበቅኩ። ኤፍ የለም። ትሪውን ከተትኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጠበቅኩ። ምንም።

ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አሳለፍኩ። ደረቅ ናቸው። ቦርዷ ምንም አልሆነችም። ምንም ሆና አታውቅም፤ ፕላስቲኩ ከተላጠ ጊዜ ጀምሮ። ዐሥር ቀን በሙሉ ነጭ መሐረብ ለብሳ ጠረጴዛ ላይ የተኛችው ደህና ሆና ነው። ሳይጮህ አጠፋሁት ብሎኝ ነበር። መሃንድስ ሲሉት ይታያል ብሎ ነበር።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሽታው መውጣት ጀመረ።

የመኪና ጥሩምባ። የአስናቀ ኮቴ በኮሪደሩ አለፈ፤ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ረገብ አለ፣ ቀጠለ። በመስኮቱ አየሁት። ሻንጣ አልያዘም። ካቻቢቴ ይዟል።

«ደይብ» አለ ተወልደመድኅን ከጋቢናው፤ ተሳፈር። «ፀሐይ ሳይበረታ ደቀምሐረን እንለፍ።»

«ፎርኖው አልተሠራም።»

«ምን?»

«አልተሠራም አልኩህ። ሳልሠራው አልሄድም ብዬህ ነበር።»

ከዚያ ተወልደመድኅን አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። አፍንጫውን አነሣ።

«ሓወይ» አለ፣ ቀስ ብሎ፤ ወንድሜ። «ይሄ የሚሸተኝ ምንድን ነው?»

«የጎረቤት ነው።»

«የጎረቤት።»

«አደይ ጸሃይ እየጋገሩ ነው።»

አደይ ጸሃይ በዚያው ሰዓት ባልዲያቸውን ይዘው ታንከሩ አጠገብ ቆመው ነበር። አስናቀን አዩ፣ መኪናውን አዩ፣ የእኔን መስኮት አዩ።

«እወ» አሉ፤ አዎ። «እኔ ነኝ።»

ተወልደመድኅን ሳቀ። መሪውን እየደበደበ ሳቀ።

«ለወንድምህ ምን ልበለው?»

«ኤፍ 7 በለው።»

መኪናው ሲሄድ አስናቀ አልተከተለውም በዓይኑ። ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ በጓሮ በኩል ገባ። ለተኽኣ ማን ይነግረዋል፣ ሱቁ አሁንም ይገኝ እንደሆነ፣ ሙሴ ምን ይላል፣ አቃቂ ያለው ቦታ… ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። የፎርኖው ሰዓት እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሕምባሻው ሊያር ነው። ብድግ አልኩ።

አስናቀ ከፊቴ ቆሟል። ትሪውን እንዳወጣበት ጨርቄን ከገመዱ አምጥቶልኛል።

ተቀበልኩት። ደረቅ ነበር።